ኦኬ ሲሉሽ ምን እያሉሽ ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ አገር ቤት ስለተማርኩ ብዙም አይቸግረኝም። ግን ኦኬ የምትለዋ ቃል ግራ አጋባችኝ። ለሥራ ባልደረባዬ ቡና ቀድቼ ስሰጣት ‹አይ አም ኦኬ› አለችኝ። እሺ ያለች መስሎኝ ፊቷ አስቀመጥኩላት። ሳትነካው ቀዘቀዘ። አለቃዬ ደግሞ የስድስት ወር ግምገማ ላይ ሥራዬ ‹ኦኬ› እንደሆነ ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው ‹አልወደደችውም ማለት ነው› አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ኦኬ እሺ ማለት አይደለም እንዴ? ስንት ትርጉም ነው ያላት?»

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ለአዲስ መጪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ሆስፒታልም እየሄድኩ አስተረጉማለሁ። በዚህ ሥራ ላይ የታዘብኩት ነገር አለ። ከባድ የሕክምና ቃል ብዙ ሰው አያሳስትም። ሰው የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ይጠይቃላ! የሚያሳስተው አውቀዋለሁ ብሎ የሚያልፈው ቃል ነው። ኦኬን ደግሞ የማያውቅ የለም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ እንላታለን፣ ስልክ ስንዘጋ እንላታለን። መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያያት ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ከቡናው ልጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። የሆነ ነገር አቅርበሽለት «አይ አም ኦኬ» ያለሽ ሰው አልፈልግም ማለቱ ነው። ሐሳቡ ሲዘረዘር «እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም፣ ቡናው ይቅርብኝ» ነው። በእኛ «አይ፣ ይመስገን፣ በቅቶኛል» እንደማለት። «አይ አም ጉድ»ም ያው ናት። «ኢትስ ኦኬ»ም አንዳንዴ እዚያው ትገባለች። ላግዝሽ ብለሻት «ኢትስ ኦኬ» ካለችሽ፣ «ተይው፣ እኔው እጨርሰዋለሁ» ብላሻለች። ባልደረባሽ «ኦኬ» ብቻ ብላ ቢሆን ኖሮ ቡናውን ትጠጣው ነበር። ከፊቷ «አይ አም» ስትጨመርባት እሺታው ወደ እምቢታ ተገለበጠ።

እዚህ ላይ ከቋንቋው በላይ የሚያስቸግረው ልማዱ ነው። እኛ ቤት እንግዳ መጀመሪያ «አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትላለች። እንግዳው «ኧረ እውነቴን ነው» ይላል። ታጎርሰዋለች እንጂ አትተወውም። እምቢታው የእውነት ይሁን የይሉኝታ የሚለየው ሲለመን ነው። አሜሪካኖች ዘንድ ግን የመጀመሪያው እምቢታ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው። ደግመሽ ደጋግመሽ ብትለምኛት ትጨነቃለች እንጂ ተከበርኩ ብላ አታስብም። ግልባጩንም ልብ በይ። አንቺ ርቦሽ በይሉኝታ «አይ አም ኦኬ» ካልሽ ሳህኑ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ማንም አይለምንሽም። ንቀትም አይደለም፣ ቃልሽን አምነው ነው። ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ዓመት ሲያስታውሱ ከሚነግሩኝ ነገር አንዱ ይኸው ነው፤ ግብዣ ሄደው ተርበው መመለስ።

ወደ አለቃሽ ከመሄዴ በፊት ቃሏ ከየት እንደመጣች ልንገርሽ። ታሪኩን የማነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ትርጉሙ ሁሉ የሚፈታው እዚያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰጃቸው።

በ1830ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ከተማ የጋዜጣ ሰዎች አንድ ጨዋታ ለምደው ነበር። ሐረግን በመጀመሪያ ፊደሎቹ ያሳጥራሉ። ይባስ ብለው ፊደሎቹን ሆን ብለው አሳስተው ይጽፋሉ። የእኛ ልጆች ዛሬ በቴሌግራም ቃል እንደሚያሳጥሩት ዓይነት ነው። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ልክ ነው» የሚለው ሐረግ በትክክል ሲጻፍ አንዱ ቃል በኤ፣ ሌላው በሲ ነው የሚጀምረው። እነሱ ግን ያልተማረ ሰው እንደሚጽፈው አድርገው በኦ እና በኬ ጻፉት። ማርች 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» የተባለው ጋዜጣ ላይ ኦ.ኬ. ታተመች፤ ከጎኗም «ኦል ኮሬክት» የሚል ፍቺ ነበራት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ምህጻሮች ብዙ ነበሩ። «ኦል ራይት»ንም በኦ እና በደብሊው ይጽፉት ነበር። ያ ሞተ። ኦኬ ኖረች።

ያኖራት ፖለቲካ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን ለሁለተኛ ጊዜ ይወዳደር ነበር። የተወለደው ኒውዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በምትባል ከተማ ስለነበር ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ የኪንደርሁኩ ሽማግሌ እያሉ ይጠሩት ነበር። የሁለቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ኦ እና ኬ ናቸው። የኦኬ ክለብ አቋቋሙ። ተቃዋሚዎቹም ዝም አላሉም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል ስለማይችል ሰነድ ላይ ኦኬ እያለ ይጽፍ ነበር ብለው አወሩ። ቫን ቢውረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸነፈ። ቃሏ ግን በአንድ የምርጫ ወቅት አገሩን አዳርሳ ነበር። ቀጥሎ ቴሌግራፍ መጣ። ሽቦ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች «መልእክቱ ደርሶኛል፣ ልክ ነው» ለማለት ከሁለት ፊደል የሚሻል ምን አለ?

ከየት እንደመጣች ብዙ ሌላ ወሬ ትሰሚያለሽ። ቾክቶ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣች ናት የሚል ነበር። ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ይህን አምኖ ወረቀት ላይ «ኦኬህ» እያለ ይጽፍ ነበር። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ምሁር አለን ዎከር ሪድ ነው በድሮ ጋዜጦች ውስጥ ገብቶ የቦስተኑን ምንጭ ያገኘው። በ1963 እና በ1964 ባሳተማቸው ጽሑፎች መልሱን ዘረጋው። እንደዚህ ያለ ትዕግሥት ሳይ ልቤ ይሞቃል። አንድ ሰው ሁለት ፊደል ፍለጋ ስንት ጋዜጣ አገላበጠ!

እንግዲህ ልብ በይ። ኦኬ ስትወለድ «ሁሉም ልክ ነው» ነበረች። አንድ ወረቀት ተነበበ፣ ስህተት አልተገኘበትም፣ ይለፍ። ከዚህ ሌላ የምትለው የላትም። ወረቀቱ ያምራል አላለችም። ጸሐፊው ጎበዝ ነው አላለችም። የከለከለ ነገር የለም፣ ያ ብቻ። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው አንድ ቁልፍ ይህ ነው፦ ኦኬን በሰማችሁ ቁጥር መጀመሪያ «የከለከለ ነገር የለም» ብላችሁ ስሟት። ከዚያ በኋላ ሁኔታው ራሱ ትርጉሙን ይነግራችኋል።

ሞክሪው። «ኢዝ ኢት ኦኬ ኢፍ አይ ሊቭ ኧርሊ?» ቀደም ብዬ ብወጣ የሚከለክል ነገር አለ? «ማይ ማኔጀር ኦኬድ ኢት»፤ አለቃዬ አልከለከለችም፣ ፈቀደች። ወድቀሽ ስትነሺ «አር ዩ ኦኬ?»፤ የተጎዳ ነገር የለም? ተረፍሽ? «ሶሪ» ስትያቸው «ኢትስ ኦኬ»፤ ምንም አይደል፣ ያስቀየመኝ ነገር የለም። የሚያለቅስ ልጅ ታቅፈው «ኢትስ ኦኬ፣ ኢትስ ኦኬ» ሲሉ ደግሞ የእኛ «አይዞህ» ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለም። ቡናዋንም በዚሁ ክፈቻት። «አይ አም ኦኬ»፤ የጎደለኝ የለም።

የኮምፒውተሩን ቁልፍም አስቢው። «ፋይልዎ ጠፍቷል» የሚል አሳዛኝ መልእክት ይመጣና ከሥሩ «ኦኬ» የሚል ቁልፍ አለ። ፋይል መጥፋቱ ማንን ደስ ይለዋል? ቁልፉ የሚለው «አይቼዋለሁ፣ ቀጥል» ነው። አፕል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊሳ የተባለውን ኮምፒውተር ሲሠራ ቁልፉ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው «ዱ ኢት»፣ «አድርገው» የሚል ነበር። ሲሞክሩት ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ፊደሎቹን አጋጥመው «ዶልት» ብለው አነበቡት። ዶልት ደደብ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ለምን ይሰድበኛል ያለም ነበር። በኦኬ ተተካ። ዛሬ ስልክሽን በአማርኛ ብታደርጊው ያ ቁልፍ «እሺ» ይልሻል። ተርጓሚዎቹ የመረጡት ቃል ጥሩ ነው። ግን የአንቺም ግራ መጋባት ከዚያው ነው የሚጀምረው፤ ምክንያቱም እሺ ከኦኬ ትሰፋለች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ትጠብባለች።

አሁን ወደ አለቃሽ። ሥራ፣ ምግብ፣ ፊልም፣ ልብስ ሲገመገም «ኢትስ ኦኬ» ማለት የእኛ «ምንም አይል» ነው። መጥፎ አይደለም፤ ልብ የሚያሞቅም አይደለም። ሚዛኑን ልንገርሽ። አሜሪካኖች ሲያሞግሱ ቃላቸው ትልቅ ነው። ደስ ያላቸውን ነገር «ግሬት»፣ «ኦሰም»፣ «አሜዚንግ» ይሉታል። ተራ ጥሩ ነገርን እንኳ «ግሬት» ይሉታል። ሁሉም ነገር ወደ ላይ በተሰቀለበት አገር መሬት ላይ የቆመችው ኦኬ ዝቅ ብላ ትታያለች። እኛ ጋ ደግሞ ውዳሴ ይቆጠባል። አባቶቻችን «ደህና ነው» ካሉ ትልቅ ነገር ነበር። ስለዚህ አንቺ በአባትሽ ሚዛን ሰማሽው፣ ባለቤትሽ በአሜሪካኖች ሚዛን ሰማው።

ማናችሁ ትክክል ናችሁ? ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ያዛችሁ። «አልወደደችውም» ማለት ከሚገባው በላይ መሄድ ነው። አለቃሽ ሥራሽ ላይ ስህተት ቢኖር በግምገማ ወረቀት ላይ በስሙ ጠርታ መጻፍ ነበረባት። ኦኬ ካለች ማለፊያውን አልፈሻል። ሥራሽ አደጋ ላይ አይደለም። ግን ማሞገሷም አይደለም። የደመወዝ ጭማሪ የምትጠይቂበት ቃል አይደለም። ድምፅዋንም አስታውሺው። «ዩር ዱዊንግ ኦኬ!» ብላ ፈገግ ብላ ከሆነ፣ «አይዞሽ፣ ጥሩ እየሄድሽ ነው» ማለቷ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ አዲስ ሠራተኛ ስትሆኚ። ኦኬን ጎትታ፣ ትከሻዋን ነቅንቃ «ኢትስ… ኦኬ» ብላ ከሆነ ግን የቀራት ነገር አለ። ያን የቀረውን መጠየቅ ትችያለሽ፤ እንዴት እንደሚጠየቅ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ስለ ድምፅ ካነሳሁ አይቀር፣ ጆሮሽን እዚህ ላይ አሠልጥኚው። አጭርና ወደ ታች የምትወርድ «ኦኬ» ስምምነት ናት። ጫፏ ወደ ላይ ስትወጣ «ኦኬ?» ጥያቄ ናት፤ ገባሽ? ተስማማን? ቀስ ብላ ስትሳብ «ኦኬ…ይ» ጥርጣሬ ናት፤ የነገርሻቸው ነገር አልተዋጠላቸውም። እኛም «እሺ…?» ብለን አንገታችንን ዘንበል ስናደርግ እኮ አላመንኩህም እያልን ነው። ተደጋግማ በፍጥነት ስትመጣ «ኦኬ ኦኬ ኦኬ!» በቃ፣ ሰማሁ፣ ተይኝ ናት። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አጨብጭቦ «ኦኬ፣ ሶ…» ካለ ሥራ ተጀመረ፤ ትርጉም አትፈልጊላት። ስልክ ላይ «ኦኬ ዜን» ካሉሽ ደግሞ ሊዘጉ ነው። ይህን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። «በሉ እሺ… እሺ… በቃ እሺ… ቻው ቻው» እያልን አሥር ደቂቃ የምንሰነባበት ሰዎች ነን።

አንዱን ግን ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም አንቺም የምትሠሪው ከታመሙና ካረጁ ሰዎች ጋር ነው።

ኦኬ «እየሰማሁሽ ነው» ማለትም ትሆናለች። ሰው ሲያወራ መሃል መሃል «ኦኬ… ኦኬ…» ይባላል። ተስማማ ማለት አይደለም። ገባው ማለትም ላይሆን ይችላል። እሺም እንዲሁ ናት፤ እንዲያውም ከኦኬ ትብሳለች። እኛ ዘንድ እሺ የአክብሮት ቃል ናት። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባለ አደግን። ታላቅ ሲናገር እሺ፣ መምህር ሲናገር እሺ፣ ሐኪም ሲናገር እሺ። እምቢ ማለት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የማንሠራውንም እሺ እንላለን። «እሺ ነገ» የምንላት ነገር ሁላችንም የምናውቃት ናት። ይህን ሁሉ ተሸክመን እንግሊዝኛ ስንናገር እሺን በኦኬ እንተካታለን። የሚሰማን አሜሪካዊ ግን ኦኬያችንን በራሱ ጆሮ ይሰማታል፤ ገብቶታል፣ ተስማምቷል፣ ያደርገዋል።

አንድ ቀን ሆስፒታል ተጠርቼ ሄድኩ። ታካሚው የእኛ ሰው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ነበሩ። «እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ አንተ እዚያ ተቀመጥ» አሉኝ። መብታቸው ነው፣ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ስለ አዲስ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ታስረዳቸው ጀመር። በቀን አንዴ፣ ማታ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። ከሌላ የሕመም ማስታገሻ ጋር እንዳይቀላቅሉት፤ ደም ካዩ ቶሎ እንዲደውሉ። እሳቸው በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ኦኬ… ኦኬ… ኦኬ ዶክተር» ይላሉ። ሐኪሟም «ኦኬ?» አለች። «ኦኬ!» አሉ። ወረቀቷን ሰብስባ ልትነሣ ሆነ።

አስተርጓሚ በሰው ንግግር መሃል አይገባም። ነገር ግን አለመግባባት ያለ ሲመስለው ለሁለቱም ወገን የመናገር ፈቃድ አለው። አስፈቀድኩና «አባባ፣ መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት? ለእኔ ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ሲያመኝ እውጠዋለሁ፤ ካልተወኝ እደግማለሁ» አሉ። ለሐኪሟ እንዳለ አስተረጎምኩላት። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ይዣቸው ስወጣ ለምን አልገባኝም እንዳላሉ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ሐኪም ሲናገር እሺ ነው እንጂ ምን ይባላል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአደጉበት ሥርዓት ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉት። ኦኬ ያሉት ሐኪሟን ለማክበር ነበር። እሷ የሰማችው ግን «ገብቶኛል» የሚለውን ነው።

ጎበዝ ሐኪሞችና ነርሶች ይህን ስለሚያውቁ በኦኬ አይረኩም። «ቲች ባክ» የሚሉት ዘዴ አላቸው። ታካሚው የተነገረውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ያደርጉታል። አንቺም ከአረጋውያኑ ጋር ተጠቀሚበት። «ገባዎት?» ብለሽ ከጠየቅሽ መልሱ ኦኬ ነው። «እስቲ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» ካልሽ እውነቱ ይወጣል። ራስሽ ታካሚ ስትሆኚም እንዲሁ። ነርሷ «ደም ልቀዳ ነው፣ ኦኬ?» ስትል የጠየቀችሽ ሳይሆን ያሳወቀችሽ ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄ ናት። «ቆይ፣ አንዴ አስረጂኝ» ማለት ትችያለሽ። እናትሽን ወይም ጎረቤትሽን ሆስፒታል ስታደርሺም አስተርጓሚ ጠይቂላቸው። በ1964 በወጣው የዜጎች መብት ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ቋንቋ ለሚያስቸግራቸው ታካሚዎች በነፃ የቋንቋ እርዳታ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ልጆቻቸው እንዲያስተረጉሙ አታድርጊ። ልጅ የእናቱን ሕመም በሁለት ቋንቋ ሊሸከም አይገባውም።

ከዚህ ቀጥሎ አንቺ ያልጠየቅሽውን፣ ግን ማወቅ ያለብሽን ልጨምር። «ኖት ኦኬ።»

ኦኬ ቀላል ቃል ስለሆነች ግልባጯም ቀላል ይመስላል። አይደለም። «ዛትስ ኖት ኦኬ» በእንግሊዝኛ ከባድ ቃል ነው። ከቁልፋችን ተነሺና እዪው። ኦኬ ማለት የከለከለ ነገር የለም ከሆነ፣ ኖት ኦኬ የከለከለ ነገር አለ ማለት ነው። ማለፊያው ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ገመድ ነው፤ ያን እንኳ አላለፈም። ስለዚህ ምግብን «ኦኬ» ማለት ለስለስ ያለ ነው፤ የሰውን ድርጊት «ኖት ኦኬ» ማለት ግን «ይህ ልክ አይደለም፣ ነውር ነው፣ እንዳይደገም» ማለት ነው። ጮክ ብሎ አይነገርም። ብዙ ጊዜ በዝግታ ነው የሚባለው። እኛ ደግሞ ቁጣን በድምፅ ከፍታ ስለምንለካው ያመልጠናል። አንዲት ተማሪዬ አለቃዋ ሁለቴ «ኖት ኦኬ» ብሏት በፈገግታ አልፋዋለች። ሦስተኛው ላይ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። «አልጮኸብኝም እኮ!» አለችኝ።

ይህች ቃል አንቺንም ትጠብቅሻለች። አንድ ነዋሪ ቢመታሽ፣ ቢሰድብሽ፣ ወይም ባልደረባ ያለ አግባብ ቢነካሽ ረጅም እንግሊዝኛ አያስፈልግሽም። ፊት ለፊት አይተሽ «ዛትስ ኖት ኦኬ» በይ። ሦስት ቃል ነው። የሚሰማሽ ሁሉ ክብደቱ ይገባዋል። ከዚያ ለአለቃሽ ሪፖርት አድርጊ። «አይ አም ኖት ኦኬ»ም እንዲሁ የቀልድ አይደለችም። ከአረጋውያኑ አንዳቸው እንዲህ ካሉሽ የያዝሽውን አስቀምጪና ነርስ ጥሪ። ሰው «አር ዩ ኦኬ?» ሲባል በደመ ነፍስ «አይ አም ኦኬ» ይላል፤ እጁ ተሰብሮም ይላታል። አይደለሁም ካለ የምሩን ነው።

የቀሩትን ባጭሩ ልለፋቸው። በጽሑፍ መልእክት ላይ «ኬ» ብቻ ከመጣልሽ፣ በተለይ ከነጥብ ጋር፣ ብዙ ወጣቶች እንደ ኩርፊያ ያዩታል። ለአለቃሽ ስትመልሺ «ኦኬ፣ ታንክ ዩ» በይ፤ ይበቃል። ጣትና አውራ ጣት ገጥሞ ክብ የሚሠራው የእጅ ምልክትም ኦኬ ይባላል። ጠላቂ ዋናተኞች ውኃ ውስጥ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» የሚባባሉት በእሱ ነው። ብራዚል ውስጥ ግን ስድብ ነው። አሜሪካ ውስጥም አንዳንድ የነጭ ዘረኛ ቡድኖች ወስደውታል፤ በ2019 የጥላቻ ምልክቶችን የሚመዘግበው አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ መዝገቡ ላይ አስገብቶታል። አብዛኛው ሰው ዛሬም በቅንነት ነው የሚጠቀምበት። ለእኔ ከሆነ ግን ሥራ ቦታ አውራ ጣት ማንሣት ይቀላል።

አሁን አለቃሽ ጋ ግቢ። ቅሬታ አስመስለሽ አትግቢ። «ለምን ኦኬ አልሽኝ?» ብትያት ግራ ይገባታል፤ ለእሷ ስድብ አይደለማ። እንዲህ በያት፦ «በግምገማው ላይ ሥራዬ ኦኬ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር። ከኦኬ ወደ ግሬት ለመድረስ ምን ላሻሽል?» በእንግሊዝኛ «ዋት ካን አይ ዱ ቱ ጎ ፍሮም ኦኬ ቱ ግሬት?» ነው። መስታወት ፊት አምስት ጊዜ ለማመጂው። አለቆች ይህን ጥያቄ ይወዱታል። መልሷን ስትሰሚ ወረቀት ያዢና ነጥብ በነጥብ ጻፊ። ስትጨርስ «ኦኬ» ብለሽ አትውጪ። የነገረችሽን በራስሽ ቃል መልሰሽ ንገሪያት፤ «ስለዚህ አንደኛ ይህን፣ ሁለተኛ ይህን ላድርግ ማለትሽ ነው?» በያት። ከተሳሳትሽ እዚያው ታርምሻለች። ቀጣዩ ግምገማ መቼ እንደሆነም ጠይቂያትና ቀኑን ከነጥቦቹ ሥር አስፍሪው።

ለባልደረባሽም ቡና ማቅረብሽን አትተዪ። አንዴ ጠይቂያት። «አይ አም ኦኬ» ካለች የአንቺን ጠጪ፤ «ኦኬ» ካለች ቅጂላት።